ሆስፒታሉን እንጨት ከማልበሳችሁ በፊት

ልጆች፣

የምትልኩልኝን የሕንፃ ንድፍ ሥዕል ሁሉ ጊዜ ወስጄ አየዋለሁ። አሁን አሁን የሚደርሰኝ ሆስፒታል በሙሉ እንጨት የለበሰ ሆኗል። ደስ ይለኛል። ግን በኮምፒውተር የተሠራው ምስል ላይ ጣውላው ገና አሁን የተላገ ይመስላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ ደረቅ። ሐምሌ የገባበት ሥዕል አንድም አላየሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ በአብዛኛው ስለ ሐምሌው ነው።

አስቀድመን ግን እንጨቱ ለማን እንደሆነ እንነጋገር። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔንስልቬንያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መዝገብ አነጻጽሮ አሳተመ። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ብዙ አርክቴክት ይህን ጥናት ለእንጨት ፋሳድ (የሕንፃ የውጭ ፊት) ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ጥናቱ ግን ስለ ቆመ ዛፍ ነው፤ ስለ ጣውላ አንድም ቃል የለውም። እኔ ከእሱ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ታማሚ አልጋው ላይ ሆኖ የተኛበትን ሕንፃ ፊት አያይም። የሚያየው ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ነው። ስለዚህ ለእንጨት የተያዘችው ገንዘብ ትንሽ ከሆነች፣ በዋናው መግቢያ ላይ ለመንገደኛ ከምትጨርሷት ከአልጋው ትይዩ ባለው የውስጥ ግቢ ግድግዳ ላይ አውሏት።

እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ባዜል ከተማ በ2002 የተከፈተው ሬሃብ ባዜል ይህ የገባው ሕንፃ ነው። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ለወራት የሚቆዩበት ክሊኒክ ነው። አርክቴክቶቹ ሄርዞግና ደ ሜሮን እናንተ ጂ ፕላስ ዋን የምትሉት ከፍታ ላይ አቁመው በውስጥ ግቢዎች ዙሪያ ዘረጉት፤ እንጨቱ በየግቢው ይታያል። በጀርባው ብቻ መተኛት ለሚችለው ደግሞ ሰማይ እንዲታየው ጣሪያው ላይ ትልቅ ክብ የብርሃን ቀዳዳ ተከፈተለት። በእንግሊዝ አገር ከሮያል ኦልድሃም ሆስፒታል አጠገብ በ2017 የተከፈተው የማጊ የካንሰር ማዕከል ውጪው በሙቀት የታከመ ጣውላ ለብሷል። እኔን የማረከኝ ግን የበሩ እጀታ ነው፤ እሱም እንጨት ነው። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቀዝቃዛ ብረት ሲነኩ ያማቸዋልና።

አሁን ወደ ዝናቡ። እንጨት ቢረጥብ ችግር የለውም፤ ረጥቦ ካልደረቀ ነው የሚበሰብሰው። ጣውላውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትምቱት። ከኋላው ሞራሌ (ጣውላውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቀጭን እንጨት) ይግባና አየር ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣበት ክፍተት ይኑር፤ የክፍተቱን አፍ ደግሞ ነፍሳት በማያሳልፍ ወንፊት ዝጉት። የታችኛው ጫፍ ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ መሬት ነክቶ የሚፈናጠረው ውሃ ይደርስበታልና። የቆመ ጣውላ ውሃ የሚመጠው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ፣ ጫፉን የፊቱ ጠርዝ ዝቅ፣ የኋላው ከፍ እንዲል ሸርተት አድርጋችሁ አስቆርጡት። ጠብታው ከፊት ይወድቃል።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ ጣውላው ጠቆረ ተብሎ እንዳይ ተጠራሁ። አርክቴክቱ 30ውን ሴንቲሜትር አክብሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን አትክልተኛው አበባ ሲተክል አፈሩን ጣውላው ድረስ ሞልቶታል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንጨቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለው ግን ድንቅ ነበር። ለዚህ ነው ሕንፃ ስታስረክቡ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ አትክልተኛውንና የጥገና ኃላፊውን ፈልጉ የምላችሁ።

ቀለሙም ይሸብታል። ፀሐይ ሊግኒኑን (የእንጨቱን ጭረቶች የሚያያይዘውን ተፈጥሯዊ ሙጫ) ትሰብረዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ጥላ ውስጥ ያለው ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ለባለቤቱ በዲዛይን ጊዜ በናሙና አሳዩት፤ ያለዚያ በሦስተኛው ዓመት «ቨርኒሽ ቀቡልን» ይላችኋል። ቨርኒሽ ይላጣል፤ በተላጠ ቁጥር ስካፎልድ ይቆማል። ሆስፒታል ደግሞ ለእድሳት አይዘጋም። ከግንባታ አቧራ ጋር የሚነሣው አስፐርጂለስ የተባለ ሻጋታ፣ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ታማሚ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ በማይዝግ ቪቴ ይታሰር፣ ከውጭ በኩል፣ አንድ በአንድ ተፈትቶ የሚለወጥ ይሁን። ምስማር አትጠቀሙ።

ስለ እሳት ደግሞ አትከራከሩ። በ2017 ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር 72 ሰው ሞተ። እሳቱን ያዛመተው ልባስ እንጨት አልነበረም፤ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ፓነል ነበር። ቢሆንም እንግሊዝ በ2018 ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎችና ሆስፒታሎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ነገርን ስትከለክል እንጨትም አብሮ ተከለከለ። ልክ ነው እላለሁ። አልጋው ላይ ያለ ሰው በደረጃ ሮጦ አይወርድም። በ2024 የተከፈተው የዙሪክ የሕፃናት ሆስፒታል እንኳ አጥንቱ ኮንክሪት ነው፣ ከፍታውም ሦስት ደረጃ ብቻ፤ የሕፃናቱ ክፍሎች ላይኛው ወለል ላይ እንደ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል። ስምንት ፎቅ ከተሰጣችሁ ውጪውን እንጨት አታልብሱት።

አገር ቤት ለምትሠሩት። አንድ ሜትር ኩብ የደረቀ የጥድ ዘር ጣውላ ወደ 0.9 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይቆያል፤ በስብሶ እስኪጣል ድረስ ብቻ። ከተፈጥሮ ደን የወጣ ጽድና ዝግባ አትዘዙ፤ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏቸው ነበር፣ የተከለከሉበት ምክንያት ዛሬም አለ። የሚቀራችሁ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በቅጡ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ሳይት ላይ የእርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ቁሙና ከ20 በመቶ በላይ የሚያነበውን ጣውላ መልሱት። ነጋዴው ይቆጣል። ይቆጣ።