ስለ ቴአትር አልባሳትና ዲኮር ሥራ ጠይቁኝ፣ ማታውን ሙሉ አለሁ

ሰላም ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቴአትር አልባሳትና ዲኮር ሥራ 22 ዓመት ሆኖኛል፣ የገባሁት በልብስ ሰፊነት ነው፣ ቀስ በቀስ መድረኩንም መሥራት ጀመርኩ። ዛሬ ልምምድ ስለሌለኝ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራሽ ከየት ይጀምራል? አዘጋጁ ይሄን አልብሺ ሲልሽ ነው?

መልስ፦ ኧረ ከድርሰቱ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንም ሰው ዝም ብዬ አነበዋለሁ፣ ሁለተኛው ላይ እርሳስ ይዤ ማን ስንተኛው ገፅ ላይ ገባ፣ ስንተኛው ላይ ወጣ፣ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ አለው የሚለውን በሰንጠረዥ አወጣለሁ። የትኛዋ ተዋናይት ሁለት ቀሚስ ደርባ መግባት እንዳለባት፣ በሩ በግራ ይሁን በቀኝ፣ ሁሉንም የሚነግረኝ ያ ሰንጠረዥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከአዘጋጁ ጋር የምንጨቃጨቀው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የምንጠራው ቴአትሩ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ተዋንያኑ ሦስት ወር በጂንስ ሲለማመዱ ከርመው በመጨረሻ ካባ ሲደረብባቸው እጃቸውን እንዴት እንደሚያነሱ ሁሉ ይጠፋቸዋል። አዘጋጆች ካላችሁ እባካችሁ ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ጥሩን።

ጥያቄ፦ ለምንድነው የኛ ቴአትር ሁሌ አንድ ሶፋ፣ አንድ በርና አንድ ደረጃ የሚሆነው?

መልስ፦ እኔንም ያንገበግበኛል ወንድሜ። አንዱ ምክንያት ግን ለተመልካች የማይታይ ነው። ሀገር ፍቅርም በለው ብሔራዊ፣ አንድ መድረክ ላይ በሳምንት ውስጥ የተለያየ ቴአትር ነው የሚታየው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው፣ ስለዚህ ዛሬ የቆመው ቤት ፈርሶ በማግስቱ የሌላው ይቆማል፣ እንዲህ እየተባለ ወራት ይኬዳል። የምሠራው ግድግዳ ሁለት ሰው የሚሸከመው መሆን አለበት። በሞራሌ ፍሬም ሠርተን አቡጀዲ እንወጥርበታለን፣ ኮላ በውሃ አቅጥነን ስንቀባው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፔንሳቶ ያምራል ግን ይከብዳል፣ ደጋግሞ ሲነሳና ሲጣል ጠርዙ ይፈረካከሳል።

ጀማሪ እያለሁ አንድ ቴአትር ቤት ግቢ ውስጥ 3 ሜትር ስፋት ያለው የቤተ መንግሥት ግድግዳ ሠርተን፣ ቀለሙን ጨርሰን፣ ልናስገባው ስንል በጓሮ በር አልገባ አለ። የበሩን ስፋት የለካ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልለካሁም። በመጋዝ መሀሉን ቆርጠን ማጠፊያ ገጠምንበት፣ ስንጥቁ ግን ከፊት ወንበር ይታይ ነበር፣ ቴአትሩ እስኪወርድ ድረስ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

ጥያቄ፦ የታሪክ ቴአትር ሲሆን ልብሱን ከየት ነው የምታመጡት? አንዳንዴ የሠርግ ካባ ይመስላል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሠርግ ካባ ስለሆነ ነዋ፣ ከኪራይ ቤት የመጣ። የምኒልክ ዘመን ከሆነ ፎቶ ስላለ ይቀላል። ጭንቁ ቴዎድሮስ ላይ ነው፣ የንጉሡ ፎቶ የለም፣ ያለው ሥዕል ነው። የልጃቸው የልዑል አለማየሁ ግን አለ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተነሳው፣ ጨርቁ ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ለማየት ስንት ሰዓት አፍጥጬበታለሁ። ከመቅደላ የተዘረፈ የቤተ መንግሥት ሴት ቀሚስ ደግሞ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ፣ የገዛ አገሬን ስፌት ከስልክ ላይ መቁጠሬ ያናድደኛል ግን እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው የማይሆነውን ማስወጣት ነው፣ ዚፕ ይወጣል፣ የሚያብለጨልጭ ጥለት ይወጣል፣ ያ ደማቅ ሮዝ ይወጣል፣ የፋብሪካ ቀለም እኮ ራሱ ገና በ1856 እ.ኤ.አ. ነው የተገኘው። ለመኳንንቱ ቀይ ጥለቱ ሰፋ ያለ ጃኖ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሀበሻ ልብስማ ቀላል ነው አይደል፣ ከሽሮ ሜዳ ገዝቶ ማልበስ ነው።

መልስ፦ አይደለም እህቴ። አዲስ ነጭ ጥጥ መብራት ሲያርፍበት የተዋናዩን ፊት ይበላዋል፣ ሰው ልብሱን እንጂ ዓይኑን አያይም። ስለዚህ በትልቅ ድስት ያለ ስኳር ሻይ እናፈላለን፣ አጥልለን ልብሱን አርጥበን እንነክረዋለን፣ የባለጠጋው ጥቂት ደቂቃ፣ የገበሬው እስኪነጋ ያድራል። ሲደርቅ ክርኑንና አንገቱን በብርጭቆ ወረቀት እናሸዋለን። እርጥቡን አይታችሁ እንዳትፈርዱ፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይሳሳል። እኔ አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄጄ ነው የማየው፣ በቅርብ የቆሸሸ የሚመስለው ከዚያ ሲታይ ንፁህ ነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ተዋናዮች እንዴት ነው በዛች ቅፅበት ልብስ ቀይረው የሚመለሱት?

መልስ፦ ከመጋረጃ ጀርባ አንዱ ባትሪ ያበራል፣ አንዱ ያወልቃል፣ አንዱ ያለብሳል። ከፊት ቁልፍ የሚመስላችሁ ለጌጥ ነው፣ ከሥሩ በሚጣበቅ ማሰሪያ ነው የተያዘው። አንድ ጊዜ ግን መርዶ ለምትሰማ እናት ሦስት ቀን የለፋሁበት ጥቁር ቀሚስ ሰፍቼ ነበር፣ ልምምድ ላይ ተዋናይቷ መውጫ ጊዜ ሲያጥራት እዛው ቆማ ነጠላዋን ዘቀዘቀችው። የነበርነው በሙሉ ፀጥ አልን። ቀሚሱን ተውኩት፣ ከዚያ የተሻለ ልብስ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ይከፍላል ወይ? ትምህርቱስ?

መልስ፦ መንግሥት ቴአትር ቤት የወር ደመወዝ ነው፣ የግል ፕሮዲውሰር በውል ነው፣ ቀብድ ሳትቀበሉ ጨርቅ አትግዙ፣ ስማችሁ ፖስተሩ ላይ እንዲወጣ ውሉ ውስጥ አስፅፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት አለ፣ ሥዕል ለሚወድ ደግሞ በሠዓሊው በአለ ፈለገሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ስፌት ግን ማሽን ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትማሩት።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነኝ፣ በኮሚውኒቲ አዳራሽ ቴአትር ልንሠራ ነው፣ ገንዘብ የለንም፣ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ጎበዞች! ቤት ለመሥራት አትሞክሩ፣ ከኋላ ጥቁር መጋረጃ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ መሶብ፣ ከእናቶች ቤት የተለበሰ ነጠላና ጋቢ ሰብስቡ፣ የተለበሰው ከአዲሱ በጣም ይሻላል፣ ሻይም አያስፈልገውም። ጨርቅ ከመስቀላችሁ በፊት አዳራሹን የእሳት ደንባቸውን ጠይቁ። አንድ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ሜትር ይዞ ሄዶ የመድረኩን ስፋትና የበሮቹን ሁሉ ለክቶ ይምጣ፣ ልኩን ላኪልኝና በእጄ ንድፍ ሠርቼ እልክልሻለሁ።