አምስት ወር ሆነኝ፤ አፍንጫዬን ግን አልወደድኩትም

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከአምስት ወር በፊት የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ። ለዓመታት ሳስብበት የኖርኩት ነገር ነው። ጉብታው ሄዷል፤ እሱስ ደህና። ጫፉ ግን ድቡልቡል ብሎ ቀርቷል። ከፊት ሲታይም ወደ ግራ ያዘመመ ይመስለኛል። ማታ ስተኛ ደግሞ ቀኙ ይደፈናል። ሐኪሜ «ጊዜ ስጪው» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዞልኛል፤ አስተካክለዋለሁ ብሏል። እናቴ «ድሮስ ምን ሆነሽ ነበር?» ትለኛለች። በገዛ እጄ ያመጣሁት ስለሆነ ማልቀስ እንኳ ያሳፍረኛል። በቀን ስንት ጊዜ ፎቶ እንደምነሳ አልነግርዎትም። ምን ይመክሩኛል?
መስታወት ያስጠላኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ አስተላልፊው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፤ ይሄ ግን ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው።

በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ቆዳው ከአጥንቱና ከልም አጥንቱ ላይ ይነሳል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይለበሳል። ያ ቆዳ ከአዲሱ ቅርጽ ጋር እስኪጣበቅ ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኛው እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል። የጫፉ እብጠት ግን ከሁሉም ኋላ ነው የሚለቀው። አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አንቺ ገና አምስተኛ ወርሽ ነው። ዛሬ የምታዪው ድቡልቡል ጫፍ ምን ያህሉ እብጠት፣ ምን ያህሉ የቀረ ቅርጽ እንደሆነ አሁን ለይቶ መናገር ይከብዳል። ለዚህ ነው ለቅርጽ ተብሎ የሚደረግ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የሚጠበቅለት።

ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጠባሳ ውስጥ ነው የሚገባው። ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ልም አጥንት ተወስዶ ካለቀ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን መፈለግ ይመጣል። አዲሱ ሐኪም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ሳያይ ቀን ቆርጦልሽ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ልቤ አይቀበለውም። እስከዚያው «በፊለር (ቅርጽ ለመሙላት ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) እናስተካክለው» የሚልሽ ሰው ከመጣም እሺ እንዳትይ። ፊለር የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። አንዴ የተነካ አፍንጫ ላይ አደጋው ይብሳል።

14 ዓመት በፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሳምንት በኋላ የአፍንጫውን መደገፊያ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ፕላስተሩን እያረጠብኩ፣ ከግንባር ጀምሬ ወደ ታች ቀስ እያልኩ እልጠዋለሁ። ከሥሩ የሚወጣው አፍንጫ ያበጠና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ዓይን ሥር ቢጫ አለ። ከዚያ መስታወት እሰጣለሁ። አንዲት ሴት መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ደቂቃ ዝም አለች። ቀጥሎ በጣም ቀስ ብላ «ይቺ ማናት?» አለችኝ። አላበደችም። ዕድሜ ልኳን የምታውቀውን ፊት ነው ያጣችው፤ የማትወደው ቢሆንም የራሷ ነበር። በዓመቱ ስትመጣ አፍንጫዋ ሰክኗል። በአንድ በኩል ትንሽ ጉድለት ቀርቶ ነበር፤ እሷ ግን ለማስነካት አልፈለገችም። ሌላ ወጣት ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ጠብቆ አሠርቶት ደስ ብሎት ሄዷል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የወሰኑት ባለቀ ፊት ላይ ነዋ።

ስለ ፎቶው ልምጣ። ደጋግመሽ የምትነሺው በሰልፊ ከሆነ ስልኩ እየዋሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ይህን አስልቶታል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የተነሳ ሰልፊ፣ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። በወር አንድ ቀን ብቻ ተነሺ። ያው መስኮት አጠገብ፣ 1.5 ሜትር ያህል ርቀት፣ ሰው ያንሳሽ። ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከሥር ወደ ላይ። በመካከል ያለውን ቀን ለአፍንጫሽ እረፍት ስጪው።

ይህን አንብበሽም ማቆም ካቃተሽ፣ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሐሳብሽ እሱው ላይ ከሆነ፣ ሰው ላለማየት ቤት ከዋልሽ፣ የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት አነጋግሪ። እንዲህ አለብሽ ማለቴ አይደለም። ግን ለሌላው ሰው እምብዛም የማይታይ ጉድለት ቀንና ሌሊት ጭንቅላትን የሚይዝበት የታወቀ ሕመም አለ። በሥነ ልቦና ምክክርና በመድኃኒት ይታገዛል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛውን ጊዜ አያድነውም።

ወደ መጀመሪያው ሐኪምሽ ተመለሺ፤ የሚያናድድ ቢሆንም። ያሠራሽውን አፍንጫ ውስጡን የሚያውቀው እሱ ነው። «ጊዜ ስጪው» የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን መልሱ በዚህ ማለቅ የለበትም። ምን እንደቆረጠ፣ ከየት ልም አጥንት እንደወሰደ፣ ወደ ግራ ማዘመሙ የአጥንት ይሁን የእብጠት ጠይቂው። ለጫፉ እብጠት አንዳንዴ በትንሽ መጠን የሚወጋ መርፌ አለ፤ ላንቺ ይሆን እንደሆነ ይመልስልሽ። የቀዶ ሕክምና ማስታወሻሽን ቅጂና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳሻቸውን ፎቶዎች ውሰጂ። መብትሽ ነው። ነገ ሌላ ሐኪም ብታማክሪም ያለ እነሱ አትሂጂ።

እናትሽን በተመለከተ። በገዛ ፈቃድ የገቡበት ነገር አያምም ያለው ማነው? አልቅሺ። አንዲት ቃል ብቻ ንገሪያት፦ «እማዬ፣ ድሮ ምን ሆኜ እንደነበር ሌላ ቀን እነግርሻለሁ፤ አሁን አዝኛለሁና አጠገቤ ሁኚ።» የወሩን ፎቶ እሷ ብታነሳሽ ደስ ይለኛል።

የትንፋሹን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ስለማይረባ አይደለም። እንዲያውም እሱን ዓመት እስኪሞላ አትጠብቂበት፤ ቅርጹ ሊቆይ ይችላል፣ መተንፈስ ግን ዛሬ መታየት አለበት። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የብዙ ሰው ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች በየሰዓታቱ ተራ እየገቡ ይጠባሉ፤ በጎን ሲተኙ ደግሞ የታችኛው ይደፈናል። ስለዚህ ከአልጋሽ አጠገብ ደብተር አስቀምጪ። ለሁለት ሳምንት በየማታው በየትኛው ጎን እንደተኛሽና የትኛው እንደተደፈነ ጻፊ። ጎን ስትቀይሪ የሚለዋወጥ ከሆነ ይኸው የተለመደው ነገር ነው። ሁልጊዜ ቀኙ ብቻ ከሆነ ግን መካከለኛው ግድግዳ ጠምሞ ወይም የጎኑ ልም አጥንት ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ መስታወት ፊት ቆመሽ በአፍንጫሽ አየር ጠንከር አድርገሽ ሳቢ፤ የቀኙ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ጣትሽን ከአፍንጫሽ አጠገብ ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ ቆዳውን ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ስትስቢው አየሩ ይከፈታል? ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፊው፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ መጀመሪያ እሱን አሳዪው።