«የአዮዲን ጨው» ወይስ «አዮዲን ያለው ጨው»?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «የጨው ፓኬት ላይ ‹የአዮዲን ጨው› ይላል። ትክክል ነው ወይስ ‹አዮዲን ያለው ጨው› ነው የሚባለው? ደግሞ ከሥሩ ‹ፖታሲየም አዮዴት› የሚል አለ። እኔ የማውቀው ‹አዮዳይድን› ነው። የፊደል ግድፈት ይሆን?»

ከኋላኛው ልጀምር። ግድፈት አይደለም። ሁለቱም የአዮዲን ውሁዶች ናቸው፤ አዮዳይድ ኦክስጅን የለውም፣ አዮዴት ሦስት የኦክስጅን አቶሞች አሉት። አዮዳይድ ጨው ውስጥ እርጥበትና ብርሃን ሲያገኘው ወደ አዮዲንነት ይለወጥና ይተንናል። አዮዴት ግን ይጸናል። ስለዚህ «ዴት»ን በ«ዳይድ» የሚያርም አራሚ ቃሉን ሳይሆን ዕቃውን ነው የሚቀይረው።

«አዮዲን» ግሪክ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኩርቱዋ በ1811 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም አመድ አገኘው። ሲሞቅ ሐምራዊ እንፋሎት ስለሚወጣው ሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጌ-ሉሳክ በሐምራዊ አበባ ስም «ዮድ» አለው። «-ኢን»ን የቀጠለበት እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪ ነው፤ ከክሎሪን ጋር እንዲገጥም። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ቢመጣልን ኖሮ ዛሬ «ዮድ» እንል ነበር። እኔ እሱን እመርጥ ነበር፣ አጭር ነውና። «-አይድ» ደግሞ ከ«ኦክሳይድ» የተወሰደ ነው፤ ኦክሳይድም በ1787 ሲፈጠር መጨረሻውን ያገኘው ከ«አሲድ» ነው።

አሁን ወደ «የ»። «የ» ሁሉን ይችላል፣ ዐውዱ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ «የሸክላ ድስት» ከሸክላ የተሠራ፣ «የቡና ስኒ» ለቡና የሚሆን፣ «የፍየል ወተት» ከፍየል የተገኘ ነው፤ ማንም አይምታታበትም። እዚህ ግን ችግሩ ያለው ዘርፉ (በ«የ» የሚጀምረው ቃል) ላይ ሳይሆን «ጨው» ላይ ነው። በኬሚስትሪ ጨው የገበታው ብቻ አይደለም፤ ፖታሲየም አዮዳይድም ራሱ ጨው ነው። «የአዮዲን ጨው» ሲባል ተማሪው የትኛውን ይያዝ? «አዮዲናም» የሚሉትንም አልቀበልም። «-ኣም» መብዛትን ያሳያል፣ «ሀብታም» እንደምንለው። በአንድ ኪሎ ጨው የሚገባው አዮዲን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ነው።

ለእኔ ጥሩው «ባለአዮዲን ጨው» ነው፤ ብዙ ሰው ሲለው ግን አልሰማም። ገበያው «የአዮዲን ጨው» ብሎ ጨርሷል፣ ሰውም ተግባብቶበታል። ሳልወድ እቀበላለሁ። ለመማሪያ መጽሐፍ ግን «አዮዲን ያለው ጨው» ይጻፍ፤ «የአዮዲን ጨው» ለእነ አዮዳይድ ይቆይ።