ደላላው ፎቶ ያላነሳው

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ አንድ ጓደኛውን ይዞ ቤቴ መጣ። ቡናው ሳይፈላ ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ያለ ግቢ ነው። ስድስት ክፍል፣ አዲስ ቀለም፣ የብረት በር። «እትዬ፣ ስድስቱ በ4,000 ሲከራይ በወር 24,000 ብር ነው። ተኝቼ እበላለሁ!» አለኝ።

«ሽንት ቤቱስ?» አልኩት።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ሽንት ቤት የለበትም። ደላላ ሽንት ቤት ፎቶ አያነሳም።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰላችሁ ልጆች ነው። ገንዘብ አጠራቅማችሁ፣ ወይ እቁብ ደርሷችሁ፣ ወይ ውጭ ያለ ወንድም ልኮላችሁ፣ ጎንደር ውስጥ የሚከራይ ግቢ ልትገዙ ለምታስቡ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ውስጥ፣ ብድር ክፍል ነው። የሰው ካርታ ሳገላብጥ ነው ዓይኔ የደከመው። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ሰባት ክፍል ያለው ግቢ ገዛን። ባንክ ተቀምጬ ያላወቅሁትን ያ ግቢ በአንድ ክረምት አስተማረኝ።

የገዛነው በየካቲት ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ሁሉም ነገር ያምራል። ሰባቱም ክፍል ሰው ነበረበት፤ አሥራ ዘጠኝ ነፍስ። ሽንት ቤቱ አንድ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ አየት አድርጌ ተመለስኩ። ሐምሌ ሲገባ ከላይ ካለው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሞልቶ ፈሰሰ። የፍሳሽ መጣጭ መኪና ጠራን። መጣ፣ ግን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ግቢው ጋ መድረስ አልቻለም። ቱቦውም አጠረ። ሾፌሩ ወርዶ በእርምጃ ለካና «እማማ፣ ይሄ አይሆንም» ብሎኝ ሄደ። ጎረቤት በአጥር ላይ ይጮሃል፤ እውነቱን ነው። በዚያው ወር ሁለት ክፍል ተለቀቀ። አንዷ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ የማታውቅ። «እትዬ፣ ክፍሉ ደስ ይላል፤ ግን ሌሊት ተረኛ አድሬ መጥቼ ደግሞ ለሽንት ቤት ወረፋ ልይዝ ነው?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ሁለት አዲስ ሽንት ቤት ለማሠራት የሰባቱም ክፍል የአምስት ወር ኪራይ ሄደ።

ስለዚህ ግቢ ስታዩ ከክፍሉ በፊት የጋራውን ነገር እዩ። ሰው ክፍሉን ወዶ ይገባል፣ የጋራው ነገር አስመርሮት ይወጣል። በክረምት ሂዱ፤ ያውም ዝናብ ሲጥል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ ሻጩን ሳይሆን ተከራዮቹን ጠይቁ። መንገዱን ለኩ። ሰው ይስቅባችሁ፤ ችግር የለውም።

ቀጥሎ ውሃ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። የአንገረብ የውሃ ግድብ በደለል ተቸግሯል፣ ከተማው ደግሞ በየዓመቱ ይሰፋል። ቧንቧ አለ ሲሏችሁ «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» በሉ። ከዚያ ሒሳብ ሥሩ። 15 ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም 600 ሊትር ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን ከጥቂት ሰዓት ቢያቆይ ነው። ውሃው የሚመጣው በሳምንት አንዴ ከሆነ የቀረውን አራት ቀን ማን ያጠጣል? ተከራይ በጄሪካን ሲመላለስ አንድ ወር ይታገሣል። ከዚያ ዕቃውን ባጃጅ ላይ ይጭናል።

መብራት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከ500 በላይ የሚያልፍ ከፍተኛውን። እንግዲህ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም አስቡት። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ትንሽ ተጠቃሚ ነው። ተደምረው ሲቆጠሩ ግን እንደ ሀብታም ቤት ይታያሉ። ሂሳቡ ሲመጣ ጠብ ነው፤ «እኔ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያለኝ፣ እሷ ፍሪጅ አላት» እየተባለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቤት አንድ ላይ እንጀራ ልጋግር ካለ ብሬከሩ ቀጥ ነው። ተጨማሪ ቆጣሪ ማስገባት ጊዜና ወረፋ አለው። ስትገዙ ስንት ቆጣሪ እንዳለና በማን ስም እንደሆነ በውሉ ላይ አስጽፉ። ያልተከፈለ የመብራት ዕዳ ከቤቱ ጋር ተያይዞ እንዳይመጣባችሁም ደረሰኙን እዩ።

ግድግዳውን ለባለሙያ ተዉት። አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ አዘዞ ወረድ ስትሉ ጥቁር አፈር አለ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲስ ቀለም ስታዩ ከሥሩ ምን እንደተሸፈነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ወረቀቱ። የብድር ሠራተኛ ሆኜ በጣም ያሳዘኑኝ ሰዎች ከገዙ በኋላ ካርታቸውን ይዘው የሚመጡት ናቸው። ደላላው «ስምንት ክፍል» ብሎ ሸጦላቸዋል። ካርታውና የግንባታ ፈቃዱ የሚያውቁት ግን አንድ ቤትና አንድ ማድ ቤት ነው። የቀሩት ሰርቪሶች በኋላ፣ ያለፈቃድ፣ አጥር ተደግፈው የተሠሩ ናቸው። ወረቀት ላይ የሌለ ክፍል ለባንክ የለም። ገማቹ አይቆጥረውም። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት እኛም ከተማ ገብቷል። መንገድ ሲሰፋ ያለፈቃድ ለተሠራ ክፍል ካሳ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ ለስምንት ክፍል ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ስንቱ ሕጋዊ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም እዚያው ጠይቁ።

አራዳና ፒያሳ አካባቢ «ቁልፍ ልሽጥልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። ዛሬ እዚያ የሚኖረው ሰው ተከራይ ነው። የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥላችሁ አይችልም።

የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹን ሁሉ ቁጠሩ። «አንዷ እህታችን ውጭ ናት፣ ተስማምታለች» ማለት አይበቃም፤ ውክልናዋ የት አለ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ሁለቱም ይፈርሙ። ቤት የሚሸጠው በጽሑፍ፣ ያውም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይህን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲናገር ኖሯል። ካፌ ቁጭ ብሎ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይዛችሁ ሙሉ ገንዘብ አትልቀቁ።

ወደ እህቴ ልጅ ጓደኛ ሒሳብ ልመለስ። ለግቢው የተጠየቀው 4,500,000 ብር ነው። ኪራዩ በዓመት 288,000 ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሁን፤ ክረምት ላይ ይህ የታወቀ ነው። 264,000 ቀረ። ለጥገና፣ ለፍሳሽ፣ ለቧንቧ 34,000 አውጡ። 230,000። ገና የኪራይ ገቢ ግብሩን ሳንነካ ማለት ነው። የገዛበትን ብር ለመመለስ 20 ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። «ግማሹን እበደራለሁ» አለኝ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን የ2,250,000 ብር የመጀመሪያ ዓመት ወለድ ብቻ 405,000 ይመጣል። ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይችልም። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔም አሳዘነኝ። ቤቱ ዋጋው ይጨምራል ብሎ መግዛት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንዲህ አድርጎ ተጠቅሟል። ያ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ብድሩን ከደሞዙ መክፈል የሚችል ሰው ይጫወተው።

«ኪራዩን በየስድስት ወሩ እጨምራለሁ» አለ ደግሞ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። በእሱ መሠረት ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪውም እንደ አከራዩ ፍላጎት አይደለም። አፈጻጸሙ እንደየከተማው ስለሚለያይ እዚሁ ጠይቁ እንጂ በድሮው ልማድ አትሂዱ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሦስት ክፍል ያለው፣ ወረቀቱ የጸዳ፣ ባዶ ቦታ ያለውን ግቢ ከስምንቱ አስበልጣለሁ። ፈቃድ አውጥቶ ቀስ በቀስ መሥራት ይቻላል። ሽንት ቤቱን አስቀድሞ።

ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ታዲያ ልተወው?» አለኝ። ተወው አላልኩትም። የካርታውን ኮፒ ይዞልኝ እንዲመጣ፣ ከዚያ በፊት ግን ዝናብ ሲጥል ሄዶ ግቢውን እንዲያየው ነገርኩት። ማክሰኞ ዕለት ከባድ ዝናብ ጣለ። ወደ ማታ ደወለ። «እትዬ፣ ቦት ጫማ ማድረግ ነበረብኝ» አለ።