ትኩረት ስለሚያስቸግራቸው እህቶቻችሁ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ረጅም ዘመን አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳልነግራችሁ እንዲያልፍ የማልፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ኤዲኤችዲ ከሚባለው የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ጋር የሚኖሩ ሴቶች ነገር ነው።

ችግሩ ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍና ከልጅነት የሚጀምር እንጂ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። ወንዱ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው እየተነሣ መምህሩን ስለሚያስቸግር ቶሎ ይታወቅለታል፤ ሴቷ ግን ጸጥ ብላ በሐሳብ ትነጉዳለች፤ ማንንም ስለማትረብሽም የሚጠይቃት የለም። በዚያ ላይ በእኛ አገር ሴት ልጅ ከደብተሯ ይልቅ በጓዳ ሥራዋ ትመዘናለች። ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋ፣ ሊጡ ተረስቶ ሲኮመጥጥ፣ እንግዳ ደጅ ደርሶ ቤቱ እንደተዝረከረከ ሲገኝ «ልቧ የለም፣ ሙያ የላትም» ይባልባታል። እርሷም ይህን ላለመስማት ሌሊት እየተነሣች የቀኑን ጉድለት ስትሞላ ትኖራለች፤ ከሩቅ ለሚያያት ምንም ያልጎደላት ትመስላለች። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ የተደበቀ ድካም ነው። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚመጡት በጭንቀት ወይም በድባቴ ተይዘው ስለሆነ ሥሩ ሳይታይ ይቀራል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል፣ ከወሊድ በኋላና በማረጥ ዕድሜ፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ምልክቶቹ ሊብሱ ይችላሉ።

እንግዲህ እህታችሁን፣ ሚስታችሁን ወይም የሥራ ባልደረባችሁን «ልብ አድርጊ እንጂ» አትበሏት። ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ የሚከብዳት መጀመርና ጀምራ መዝለቅ ነው። አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ከምታዟት አንዱን ንገሯትና ሲያልቅ ሌላውን ጨምሩ። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አለቃ የሆናችሁ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጧት። ከባድ የሆነባትን ሥራ ስትጀምር አብሯት የሚቀመጥ ሰው መኖሩ ብቻ ብዙዎችን ሲረዳ አይቻለሁ።

ስለ ጫት ሳልናገር አላልፍም፤ ወሎ ውስጥ መሸሸግ አይቻልምና። ጫት የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ስላለው ለጊዜው ሐሳብን የሰበሰበ ይመስላል፤ ምርቃናው ሲበርድ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ድባቴንም ያባብሳል። ለዚህ ችግር የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱም በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ የሚወሰዱ ናቸው።

ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና እንቅልፍ ማጣትም ትኩረትን ስለሚያሳጡ በራሳችሁ ግምት ብቻ አትፍረዱባት፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብራችኋት ሂዱ። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸው ይጠየቃል። ስለዚህ እናቷን ወይም ታላቅ እህቷን፣ ከተገኘም የቀድሞ የትምህርት ቤት ካርዷን፣ ይዛችሁላት ሂዱ።