በበረዶ ወራት ብስክሌት፦ ከብርዱ ይልቅ መንገዱን እዪ

እህቴ፣ የጻፍሽውን በደንብ አነበብኩት። ሞቃቱን ወራት ሁሉ ሥራ የምትመላለሺው በብስክሌት ነበር፤ መንገዱ ለአንድ ጉዞ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሁን በረዶው ሊጥል ሲል የሥራ ባልደረቦችሽ «ተይው፣ ብርዱ አይቻልም» እያሉሽ ነው። አንቺ ደግሞ መተው አልፈለግሽም። ጥያቄሽም ይቻላል ወይ፣ ከተቻለስ ገንዘቤን መጀመሪያ በወፍራም ጃኬት ላይ ላውጣ ወይስ በሌላ ብስክሌት ላይ የሚል ነው።

ይቻላል። እኔ በረዶ በሚጥልበት ከተማ ለዓመታት እንዲሁ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ገንዘብሽን መጀመሪያ የምታወጪው ግን ከሁለቱም በፊት በባለሚስማር ጎማ ላይ ነው፤ ግግር በረዶን የሚነክሱ ትንንሽ ሚስማሮች ፊቱ ላይ የተተከሉበት ጎማ ማለት ነው። ስለ ብርዱ የሚያስጠነቅቁሽ ሰዎች አብዛኞቹ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ናቸው። ቆሞ የሚጠብቅ ይበርደዋል፤ ፔዳል የሚመታ ሰው ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ሰውነቱ ይፍታታል። ብርድን ልብስ ይመልሰዋል፤ መንሸራተትን ግን የትኛውም ልብስ አይመልሰውም። ወሳኙ ብርዱ ቢሆን ኖሮማ ከአርክቲክ ክበብ ብዙ በማይርቀው የፊንላንዱ ኦውሉ ከተማ ማንም ብስክሌት ባልነዳ ነበር። እዚያ ልጆች በበረዶ ላይ ብስክሌት እየነዱ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የበረዶ ወራት ብስክሌት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው እዚያው ነው። የሚያስነዳቸው የብስክሌት መንገዱ በማለዳ መጠረጉ ነው።

ስለዚህ መንገድ ማንበብ ልመጂ። በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ሌሊቱን የጣለ፣ መኪና ያልረገጠው፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ደረቅ በረዶ ከሁሉ ይመቻል፤ ጎማው ሰንጥቆት ይወርድና መሬቱን ይይዛል። ተረግጦ የጠነከረውም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ከሆነ መጥፎ አይደለም። ስትሄጂበት ይንኮሻኮሻል። ጆሮሽን እዚያ ላይ አድርጊ፤ ድምፁ ድንገት ከተለወጠ ከጎማሽ ሥር ያለው መንገድ ተለውጧልና ፍጥነት ቀንሺ።

የሚያስቸግረው መኪና ያቦካው ነው። ጨውና ጎማ አብረው ያመሱት፣ ቡናማ፣ ልቅ የሆነ በረዶ የፊት ጎማሽን ወደፈለገው ይወስደዋል። እዚህ ሚስማሩም ብዙ አይረዳሽም፤ የሚነክሰው ጠንካራ ነገር አያገኝም። ማርሽ አቅልለሽ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ አድርገሽ፣ መሪውን ሳታንቂ ቀስ ብለሽ እለፊ፤ ካስቸገረሽ ወርደሽ ግፊው። ወርዶ መግፋት ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሜትር አያልፍም።

ከሁሉ የከፋው ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ዳር ከተከመረው በረዶ ውሃ እየተንጠፈጠፈ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ ማታ ይረጋል። ጠዋት ስታዪው እርጥብ መንገድ ነው የሚመስለው። እኔ የምለየው ከፊቴ የሚሄዱትን መኪኖች ጎማ አይቼ ነው፤ መንገዱ እርጥብ መስሎ እያብረቀረቀ ከጎማቸው ሥር ውሃ የማይረጭ ከሆነ፣ ያ ውሃ ሳይሆን ግግር ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው እንጂ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ቀን ከዜሮ በታች 15 ከሆነው ይልቅ ያንሸራትታል፤ ግግሩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚኖር። ስለዚህ ከቤት ስትወጪ የጠዋቱን ቁጥር ብቻ አትዪ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዜሮ በላይ ወጥቶ ሌሊት ከወረደ፣ መንገድሽ ላይ የሆነ ቦታ ግግር አለ ብለሽ ውጪ። ድልድይ ላይ ደግሞ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚያቀዘቅዘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ጨው ተነስንሷል ብለሽም አትዘናጊ፤ ተራው የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ በጣም ይደክማል።

ወደ ጎማው ልምጣ። የሚስማሮቹ ጫፍ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራ ይሁን፤ ተራ ብረት አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል። ከዚያ ረድፉን ቁጠሪ። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ለምሳሌ ሽዋልቤ የሚባለው የጎማ ፋብሪካ ዊንተር፤ ባለ አራት ረድፍ አለ፣ የዚያው ፋብሪካ ማራቶን ዊንተር ፕላስ። ሁለት ረድፍ በአብዛኛው ለሚጠረግ መንገድ ይበቃል። የእኔ ምርጫ ግን አራቱ ነው። ከተማ ውስጥ ሰውን የሚጥለው ሜዳው አይደለም፤ የመኪና ጎማ ቆፍሮት እንደዚያው የረጋው ቦይ ነው። ከቦዩ ልትወጪ ስትሞክሪ የጎማሽ ጎን ግግሩን ይታከካል፤ እዚያች ቅጽበት ላይ የሚይዝሽ የጎን ሚስማር ነው። ባለ አራት ረድፉ ይከብዳል፣ ደረቅ አስፋልት ላይም ይንጣጣል፤ ጉዞሽም ከለመድሽው ሰዓት ይረዝማል። ይህን ከአሁኑ አስበሽ ቀደም ብለሽ ውጪ።

አቅምሽ ለአንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ከፊት ይሁን። የኋላው ቢንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ ታስተካክዪዋለሽ፤ የፊቱ ከሄደ ግን እግርሽን ሳታወርጂ መሬት ላይ ነሽ። አዲስ ሲሆን የመጀመሪያውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ላይ፣ ያለ ድንገተኛ ፍሬንና ያለ ሩጫ ንጂው፤ ሚስማሮቹ መቀመጫቸው ውስጥ በደንብ ይገባሉ፣ በኋላም አይረግፉም። ይህን ከመጀመሪያው በረዶ በፊት ብትጨርሺው ጥሩ ነው።

የጎማሽን ንፋስ ከሞቃቱ ወራት ቀንሺ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ግን አትውረጂ። አንድ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት 4 ባር (ባር የንፋሱ ግፊት መለኪያ ነው) የነፋሽው ጎማ ከዜሮ በታች 10 ላይ ሲቆም ወደ 3.5 ባር ይወርዳል። አልተበሳም፤ ውስጡ ያለው አየር ስለቀዘቀዘ ብቻ ነው። ሌላ ብስክሌት ስላልሽው፣ በተለይ እጅግ ሰፊ ጎማ ያለውን አስበሽ ከሆነ፣ ለከተማ መንገድ አያስፈልግሽም። እሱ ላልተጠረገ ጥልቅ በረዶ ነው፤ ግግር ላይ ሚስማር ከሌለው እንደማንኛውም ጎማ ይንሸራተታል።

አነዳዱ ላይ ከሁሉ የምለምንሽ ፍሬንሽን ከመታጠፊያው በፊት እንድትጨርሺ ነው። ስትታጠፊ ፍሬን አትንኪ፣ ፔዳልም አታጥብቂ፤ ብስክሌቱን ሳታጋድዪ ሰፋ አድርገሽ ዙሪ። በሚያንሸራትት ቦታ ላይ ዋናው የኋላ ፍሬን ይሁን። ኮርቻሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ እግርሽ ቶሎ መሬት ይደርሳል። የትራም ሐዲድ፣ የጉድጓድ ክዳን፣ በመንገዱ ላይ የተቀባ ነጭ መስመር ሲያጋጥምሽ ቀጥ ብለሽ እለፊ፤ ሐዲዱን በተቻለሽ መጠን መስቀለኛ አድርገሽ ቁረጪው እንጂ በርዝመቱ አትከተዪው። በረዶው ዳር ሲከመር መንገዱ ይጠባል። ያኔ ዳሩን ተጠግተሽ ከክምሩ ሥር አትሂጂ፤ ግግሩ የሚበዛው እዚያ ነው፣ መኪናም በጠባቡ ሊያልፍሽ ይሞክራል። ገባ ብለሽ፣ በግልጽ እየታየሽ ሂጂ። መብራት ከፊትም ከኋላም ይኑርሽ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሥራ ቦታ ስትደርሺ ነቅለሽ ይዘሽው ግቢ።

ልብስ ላይ ባጭሩ ልሂድ፤ ካለሽ ልብስ አብዛኛው ይበቃሻል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የሚያወጣ ስስ ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ። ጥጥ ከሰውነትሽ ጋር አይነካካ፤ ላብ ይዞ ይቀራል፣ መብራት ላይ ስትቆሚ ያንቀጠቅጥሻል። ከቤት ስትወጪ ትንሽ ሊበርድሽ ይገባል። በር ላይ ከሞቀሽ ከግማሽ መንገድ በፊት በላብ ትጠመቂያለሽ።

እጅና እግር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውነትሽ እየሞቀ እነሱ አይሞቁም፤ ነፋሱም የሚመታቸው እነሱን ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቀን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲመታሽ ቆዳሽ ላይ የሚሰማሽ ከዜሮ በታች 18 ያህል ነው፤ አንቺ ደግሞ ስትነጂ ነፋሱን ራስሽ ትፈጥሪዋለሽ። አምስቱንም ጣት ለየብቻ የሚያስገባ ጓንት ከተወሰነ ብርድ በኋላ አያዋጣም። ጣቶችን አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሪው ላይ የሚታሰረው ትልቅ የእጅ ከረጢት ነው። እጅሽን በስስ ጓንት እዚያ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ፍሬንና ማርሽ በነፃነት ትነኪያለሽ። ለእግርሽ ሰፋ ያለ ጫማ ምረጪ። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ መግባት ደሙን ያፍነዋል፣ የባሰ ይበርዳል። ከራስ ቁር ሥር ጆሮ የሚሸፍን ስስ ኮፍያ፣ በረዶ እየጣለ ለሆነበት ቀን ደግሞ ሰፊ የበረዶ መነጽር ያዢ፤ ዓይንሽ ውስጥ በረዶ እየገባ መንገድ ማንበብ አይቻልም።

አሁን ብስክሌቱ ራሱ። ብርዱ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ጨውና እርጥበት ነው። በረዶ ተሸክሞ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቢው በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ወደ ፍሬንና ማርሽ ገመዶች ሽፋን ይሰርጋል፣ ጠዋት ስትወጪ እዚያው ይረጋል። ማርሹ አልቀየርም ይላል፤ ፍሬኑ ተጭነሽው አይመለስም። ስለዚህ ወይ ሁልጊዜ ብርድ ውስጥ፣ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ይደር፤ ወይ ከገባ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ አይውጣ። በጣም በቀዘቀዘ ጠዋት ሌላም ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። ፔዳሉን ትመቺዋለሽ፣ ካቴናው ይዞራል፣ የኋላው ጎማ ግን አይንቀሳቀስም። ካቴናው አልወለቀም። በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ግራሳቸው ጠጥሮ ወይም ውሃ ገብቶባቸው ተጣብቀው ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ጥቂት ሲቆይ ይለቃል፤ መፍትሔው ግን ከወራቱ በፊት መካኒክ ዘንድ አስከፍቶ ለብርድ በሚሆን ስስ ቅባት ማስቀየር ነው።

ጨው ሲበዛ ካቴናው በሳምንት ውስጥ ሊዝግ ይችላል። ማታ ስትገቢ በጨርቅ ጥረጊው፣ ሲደርቅ ለእርጥብ ወቅት የሚሆን ወፈር ያለ ዘይት ቅቢው። ጨውን በለብታ ውሃ አጥቢው፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ግን ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ይገባልና ተይው። ፓራፋንጎ የግድ ነው፤ ከጎማው ጋር ያለው ክፍተት ግን ሰፊ ይሁን፣ አለበለዚያ በረዶ ይታጨቅበትና ጎማውን ያቆመዋል። የቁልፍሽ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲያይ አድርገሽ ቆልፊ። ቢረጋብሽ ሙቅ ውሃ አታፍስሺበት፤ መልሶ ይረጋል። ብስክሌትሽ በባትሪ የሚታገዝ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ይዘሽው ግቢና ሞቅ ሲል ብቻ ቻርጅ አድርጊው፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች እያለ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል።

የማልወጣበትም ቀን አለ። ዝናብ እየወረደ መሬት ሲነካ የሚረጋ ከሆነ እኔ ብስክሌቴን አልነካም፤ ሚስማሩ እኔን ቢይዘኝ ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና አይዘውም። በረዶው በብዛት ጥሎ ጠራጊዎቹ ገና ያልደረሱበትን ጠዋትም አውቶቡስ እይዛለሁ። አንቺም ለእነዚህ ቀናት የአውቶቡሱን ሰዓት አስቀድመሽ እወቂው፤ ያኔ ጠዋት በር ላይ ቆመሽ አትከራከሪም።

ጎማውን ከመግዛትሽ በፊት አሁን ያለው ጎማሽ ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር እዪ፤ 42-622 ዓይነት ነው። ሁለተኛው ቁጥር በአዲሱም ጎማ ላይ የግድ ያው ራሱ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው፣ በጎማውና በሹካው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዳለ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ባለ አራት ረድፉ ይገባልሽ እንደሆነ፣ ወይስ ጠበብ ያለውን መፈለግ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።