የጓሮው ቀንድ አውጣና የበጉ ጉበት

ጥያቄ፦ ክረምት በገባ ቁጥር የጎመን መደቤን ቀንድ አውጣ ይወርሰዋል። ለመስቀል ያረድነው በግ ጉበቱ ውስጥ ትል ተገኘበት። ጎረቤቶቼ «ከቀንድ አውጣው ነው፤ ጨው በትንበት» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከገራዶ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጨውዎን ለወጥ ያቆዩት፤ መደቡን ያበላሻል እንጂ በጉን አያድንም። ዋናው ጉዳይ ትሉ ምን ይመስል ነበር የሚለው ነው። እንደ ቅጠል ሰፋ ብሎ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ከሆነ ፋሲዮላ የሚባለው የጉበት ትል ነው፤ በዚህ የጎመኑ ቀንድ አውጣ ጥፋት የለበትም። የፋሲዮላ እንቁላል ከበጠጡ ጋር ወጥቶ ውሃ ካላገኘ አይፈለፈልም። የተፈለፈለው እጭም ቢበዛ በአንድ ቀን ውስጥ የረግረግ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ግን ውስጡ ይባዛና ከ5 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ብዙ ሆኖ ይወጣል፤ ሣር ላይ ተጣብቆም ጋጩን በግ ይጠብቃል።

ይህን ቀንድ አውጣ መለየት አይከብድም። ደጋ ላይ ያለው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የሚገኘውም እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አዙረው ሲይዙት አፉ በቀኝ በኩል ይሆናል። በግራ ከሆነ የፋሲዮላ ተሸካሚ አይደለም። ሲለቅሙ ጓንት ያድርጉ፤ በተለይ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቆላው ሲወርዱ ውሃው ቢልሃርዚያም ሊኖርበት ይችላል። በዚያ ሞቃት ወገን እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ሌላው የፋሲዮላ ዝርያ፣ ፋሲዮላ ጂጋንቲካም ይታከላል።

ትሉ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ እንደ ገብስ ገለባ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ከነበረስ? ያ ዲክሮሲሊየም የሚባል ሌላ የጉበት ትል ነው፤ ያኔ ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት አላቸው። ይህኛው ረግረግ አይፈልግም። የየብስ ቀንድ አውጣ እንቁላሉን ከበጠጥ ጋር ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይቆያል። እጮቹ በመጨረሻ በመተንፈሻው በኩል በንፍጥ ተጠቅልለው ይወጣሉ፤ ጉንዳን ይበላቸዋል። አብዛኞቹ ጉንዳኑ ሆድ ውስጥ ሲያርፉ አንዱ ከጉሮሮው በታች ያለውን የነርቭ ቋጠሮ ይይዛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ጉንዳኑ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ በመንጋጋው ነክሶ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይወርዳል። ስለዚህ በጎቹን ማለዳና ማምሻ ላይ ጉንዳን ከሚበዛበት ተዳፋት ያርቁ። ይህ የጉንዳኑ ድርሻ የታወቀው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት በጉ ከቀንድ አውጣው በቀጥታ የሚይዘው ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ በኅዳር መጀመሪያ ለበጎቼ አልቤንዳዞል ሰጠሁ። ይኸው ከሱ፤ የአንዳንዶቹም መንጋጋ ሥር አበጠ። መድኃኒቱ አርጅቶ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ጊዜውን ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ይሸሻል፤ በጎቹም ሣሩን ተከትለው ረግረጉ ውስጥ ይገባሉ። በጥቅምት የተዋጠው ፋሲዮላ በኅዳር ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ነው፤ የሐሞት ቧንቧ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ደግሞ 12 ሳምንት ገደማ የሞላውን ጎልማሳ ትል ብቻ ነው። ጨቅላውን የሚደርስበት ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ለበግ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም።

ሁለተኛ የምንጠረጥረው መጠኑን ነው። አልቤንዳዞል ለሆድ ትል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ለፋሲዮላ ግን 7.5 ያስፈልጋል። ባለ 300 ሚሊ ግራሙ ፍሬ በዚህ ስሌት ለ40 ኪሎ በግ ይሆናል። ለዲክሮሲሊየም 15 ስለሚያስፈልግ ያው ፍሬ 20 ኪሎ ብቻ ይሸፍናል፤ ትሪክላቤንዳዞል ደግሞ በዚህ ትል ላይ አይሠራም። በዓይን ገምቶ መስጠት ሁልጊዜ ወደ ማሳነስ ያደላል፤ ቢያንስ ትልቁን በግ መዝኑና በእሱ ልክ ስጡ። በመጀመሪያው ወር እርግዝና ላይ ላለች በግ አልቤንዳዞል አይሰጥም።

እብጠቱ ከጨጓራ ትልም ሊመጣ ስለሚችል በጠጡን አስመርምሩ፤ በማዝቀጥ ዘዴ እንዲታይም ጠይቁ። የፋሲዮላ እንቁላል ከባድ ነው፤ በጨው ውሃ ማንሳፈፍ አያወጣውም። ትሉ ከገባ 10 ሳምንት ሳይሞላም እንቁላል አይታይም፤ «ነጻ ነው» መባል ነጻ መሆን አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በቀንድ አውጣ ይጫወታሉ፤ ጎተራችን ውስጥም አይጥ አለ። የሚያሰጋ ነገር አለ? (ከደሴ)

መልስ፦ መንካት ብቻውን ከእነዚህ ትሎች አንዱንም አያስይዝም። አይጥና ቀንድ አውጣን ከሚያገናኙት አንዱ ብራኪላይማ የሚባል ጠፍጣፋ ትል ነው። ቀንድ አውጣው የአይጥ ኩስ ሲበላ እንቁላሉን ይወስዳል፤ ከእሱ የወጣው እጭ ሌላ ቀንድ አውጣ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አይጥ ያንን ሲበላ ዙሩ ይሞላል። ውሃም ጉንዳንም አያስፈልገውም። አውስትራሊያ ውስጥ ትናንሽ ጥሬ ቀንድ አውጣ የበሉ ልጆች ታመውበታል። ስለዚህ የሚፈራው አፍ ነው፦ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ቅጠል በቅጠል ተፈልፍሎ ይታጠብ። እንደ ሩዝ ፍሬ የምታንስ ቀንድ አውጣ ከቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ገብታ በአንድ ጊዜ እጥበት አትወጣም።